አማካሪው ከሄደ በኋላ
የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ አማካሪ ድርጅት፣ ማለትም የተቋማትን የኮምፒውተር ሥርዓት በውል የሚያጠና፣ የሚነድፍና የሚተክል ድርጅት፣ ባለሙያውን ብዙ ጊዜ የሚመዝነው ለደንበኛው በተቆጠረ ሰዓትና በቀረበ ሰነድ ስለሆነ፣ ከተከላው በኋላ ያለው ድካም ዋጋ ያጣል። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2008 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አማካሪዎች በደገፉት የኢትዮጵያ መንግሥት ፋይናንስ ማሻሻያ፣ አይቤክስ የተባለው የበጀትና የሒሳብ ሶፍትዌር ሥር የሰደደው ነባሩን አሠራር እየተከተለ ደረጃ በደረጃ በመሻሻሉና ሠራተኞች በስፋት በመሠልጠናቸው ነው፤ ይህ ደግሞ በሰነድ ክምር የሚገኝ ውጤት አይደለም። የአንኮበር ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ጎረቤላ፣ ሰኔ 30 ሒሳብ ሊዘጋ ሲጣደፍ መብራት የሚጠፋበት የሒሳብ ሠራተኛ የሚሻው አጠገቡ ተቀምጦ የሚያሳየውን ባለሙያ ነው። ውል የሚፈርሙ መሥሪያ ቤቶች፣ ሠራተኞቹ ያለ አማካሪው እርዳታ የአንድ በጀት ዓመት ሒሳብ እስኪዘጉ ድረስ የመጨረሻውን ክፍያ ሊይዙ ይገባል።