የላይኛው ግቢ ውሃ

የሐረር ጁገል ተዳፋት ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ከላይኛው ግቢ የተለቀቀ ውሃ የታችኛውን ጎረቤት ሳይነካ አይወርድም። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት ግንብ ውስጥ ያሉት ጠባብ መንገዶች ዝናብ ሲመጣ የጎርፍ መውረጃም ናቸው። አሁን ግን ግቢውን ከዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ ለስኖ፣ ቱቦውን በአጥር ሥር አሾልኮ ወደ መንገዱ የሚገላገለው በዝቷል። አፈሩ ይመጠው የነበረው ዝናብ፣ የልብስ አጠባው አረፋ ሳይቀር፣ ታች ካለው ቤት ግድግዳ ሥር ይተኛል። የጥንቱ የሐረሪ ቤት ድንጋይ የተያያዘው ደግሞ በጭቃ ነው። የግድግዳው እግር ሲርስ መጀመሪያ የኖራ ልስኑ ያብጣል፤ ቀጥሎ ይረግፋል፤ ከዚያ ጭቃው እየታጠበ ድንጋዩ ይላቀቃል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ ግድግዳ ጭምር ነው። የሐሮማያ ሐይቅ ሲደርቅ በውሃ ጥም የተፈተነች ሐረር የጣሪያዋን ውሃ በበርሜል ብታጠራቅም ሁለት ችግር ታቃልላለች። ትርፉ ግን መንገድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ግቢ ለመለሰን ፈቃድ ሲጠየቅ ባለሙያው ከአጥሩ ውጭ ወጥቶ፣ ውሃው እስከ ዋናው ቦይ የሚወርድበትን አብሮ ይይ፤ የታችኛው ጎረቤትም ፊርማው ይጠየቅ።