ሲሚንቶው ይመረት፣ ክሊንከሩ ይቀነስ

የሲሚንቶ ዋጋ ሲንር ስንቱ ግንበኛ ሥራ እንደፈታ፣ ስንቱ ጅምር ቤት ኮለኑን አቁሞ እንደቀረ የአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች ይመሰክራሉ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ላይ የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 150 ሺህ ኩንታል የማምረት አቅም ይዞ ሲመረቅ ሕዝቡ ቢደሰት አይፈረድበትም። ለአየር ንብረት ሲባል ምርቱ ይገታ የሚል ካለ፣ ቤት የሌለውን ሰው ረስቷል።

ጭሱ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ በነበረው አካሄድ ከተቀጠለ የኢንዱስትሪ ዘርፉ ልቀት በ2010 ከነበረበት 4 ሚሊዮን ቶን በ2030 ወደ 71 ሚሊዮን እንደሚያሻቅብ ተንብዮ ነበር። ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም ሲሚንቶ ነው።

መፍትሔውን ከሕዳሴ ግድብ የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። የውኃ ኃይል ወፍጮውን ያዞራል፤ እስከ 1,450 ዲግሪ የሚግለው ምድጃ ግን ዛሬም በዋናነት የሚነደው በድንጋይ ከሰል ነው። ከሰሉ በሌላ ማገዶ ቢተካ እንኳ ችግሩ አያበቃም። የሲሚንቶ ዋና ጥሬ ዕቃ የሆነው የኖራ ድንጋይ፣ ንጹሑ 100 ኪሎ ሲቃጠል 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል። ከፋብሪካው ልቀት ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከራሱ ከድንጋዩ ነው።

ታዲያ መላው ኩንታሉ ውስጥ ነው። ኦፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ ከሞላ ጎደል ክሊንከር፣ ማለትም ከምድጃው የሚወጣው የተቃጠለ ድንጋይ፣ ስለሆነ አንዱ ኩንታል ወደ 80 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስወጥቶ ነው ገበያ የሚደርሰው። ፒፒሲ በሚባለው ቅይጥ ሲሚንቶ ኩንታል ውስጥ 30 ኪሎ ያህል ፑሚስ ሲገባ ልቀቱ ወደ 55 ኪሎ ይወርዳል። ፑሚስ ደግሞ ከውጭ በዶላር የሚገዛ አይደለም፤ እሳተ ገሞራ ስምጥ ሸለቆ ላይ የከመረው ቀላል ድንጋይ ነው፣ ምድጃም አይፈልግም። ፒፒሲ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ውኃ ማጠጣቱን ችላ ማለት አይቻልም። ሶሌታና ኮለን ኦፒሲ ቢጠይቁ ምክንያት አላቸው፤ ለልስንና ለብሎኬት ግንብ ግን ፒፒሲ ይበቃል።

መንግሥት የአገሪቱ ትልቁ የግንባታ አሠሪ ነው። የጨረታ ሰነዱ ላይ የትኛው ሥራ በየትኛው ሲሚንቶ እንደሚሠራ ለይቶ ይጻፍ፤ ፋብሪካዎችም የክሊንከሩን መጠን ከረጢቱ ላይ ያትሙ። ቤት የምትሠሩም ኦፒሲ ከመጫናችሁ በፊት መሐንዲሱን ጠይቁ።