ያለቀ መድኃኒትና ዝም ያለ ካርድ

የቀድሞዎቹ የጎሬ ነጋዴዎች ያለ ኮምፒዩተር ከባድ ሂሳብ ይሠሩ ነበር። በ1894 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል ተከትሎ በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ፣ የሱዳን መርከብ የሚደርሰው ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ስለ ነበረ፣ ለበጋው የሚበቃውን ጨውና አቡጀዲ አስቀድመው መገመት ነበረባቸው። የሳተ ከሰረ።

ዛሬ እኛን በኢሉባቦር የምንማረውን የሚያሳስበን የመድኃኒት መጋዘን ነው። የመንግሥት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የወጣውንና የቀረውን በየሁለት ወሩ አስታውቀው ይጠይቃሉ፤ በብዙዎቹም ሂሳቡን የሚሠራው ዳጉ የተባለው ሶፍትዌር ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ የሁለት ወሩ ፍጆታ በሁለት ተባዝቶ በእጅ ያለው ይቀነስለታል፤ ቀሪው ይታዘዛል። ከእጅ ሂሳብ ይልቅ ፈጣን መሆኑን አንክድም።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ እስቲ አብረን እናስላ። በወር 300 ሰው የወባ መድኃኒት በሚወስድበት አንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ በመጀመሪያው ወር መጨረሻ አለቀ እንበል። በሁለተኛው ወር የመጣው ሕመምተኛ ሁሉ ባዶ እጁን ተመለሰ። ያለቀበት ቀን ካልተመዘገበ ሶፍትዌሩ የሚያየው ፍጆታ የ300 ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለ600 ያዛል፤ የሚያስፈልገው ግን ለ1,200 ነበር። ይህም ለሁለት ወር ቢበቃ ነው፤ መጠባበቂያ የለውም። የጭነት መኪናው በበደሌ መንገድ ላይ ዐሥር ቀን ቢዘገይ መደርደሪያው እንደገና ባዶ ይሆናል። እነዚያም ዐሥር ቀናት በሽተኛ እንዳልመጣባቸው ይቆጠራሉ።

ጥፋቱን በማሽኑ ላይ መጫን አይገባም። ለልምምድ ወጥተን በነበረበት በአንድ ጤና ጣቢያ፣ መድኃኒት ያለቀበት ቀን በቢን ካርዱ ላይ አልተጻፈም ነበር። የመጋዘኑን ኃላፊ ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ዜሮ ስጽፍ የምገሠጸው እኔ ነኝ» ብለው መለሱልን። እኒህን ሰው ለመውቀስ አፋችን አልደፈረም።

ዳጉ የሚለው ስም የአፋር ነው፤ መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይሸሽጉ የሚለዋወጡበት ልማድ ነው። ስሙን ተውሰን ልማዱን ትተናል።

ስለዚህ ዜሮ የጻፈ እንዳይገሠጽ፣ የደበቀ ግን እንዲጠየቅ የዞኑ ጤና ጽሕፈት ቤት በግልጽ እንዲያስታውቅ እንጠይቃለን። እኛም ለልምምድ የምንወጣ የጤናና የሂሳብ አያያዝ ተማሪዎች አንዳንድ ደብተር ይዘን፣ ስም ሳንጽፍ፣ መድኃኒት አጥቶ የተመለሰውን ሰው ቁጥር በየቀኑ እንመዝግብ። ለደብተሩ መግዣ የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ጥቂት ብር አያጡም።