የመጎተት ኃይል የማቆም ኃይል አይደለም

የዝውውር ወቅት በደረሰ ቁጥር በየክፍሉ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ቀላል ፒክአፕ ከባድ ተሳቢ አያይዞ የአንድን አባል የቤት ዕቃና ቤተሰብ በአንድ ጉዞ ሊያደርስ ይችላል ወይ የሚል ነው። «ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ ይጎትተዋል» የሚለው መልስ በቶሎ ይሰጣል። እኛ ግን አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው መጎተቱ ሳይሆን መቆሙ ነው እንላለን።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። 2 ቶን የሚመዝን ፒክአፕ፣ 3 ቶን የሚመዝንና የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ቢጎትት፣ የፒክአፑ ፍሬን ብቻውን 5 ቶን እንዲያቆም ይገደዳል። የፍሬኑ ኃይል ያው እስከ ሆነ ድረስ፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት 2 ተኩል እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ከፍ ቢል ደግሞ ይኸው ርቀት እንደገና በ4 ይባዛል።

በዚህም ምክንያት አምራቾች ሁለት የተለያዩ ወሰኖችን ያስቀምጣሉ። እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ባሉ በርካታ የዛሬ ፒክአፖች፣ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከ750 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ሲከለከል፣ ፍሬን ላለው ግን እስከ 3 ቶንና ከዚያም በላይ ይፈቀዳል። ትክክለኛው ቁጥር እንደየሞዴሉ ስለሚለያይ ከተሽከርካሪው መመሪያ መጽሐፍ ሊነበብ ይገባል።

የጭነቱ አደላደልም ታላቅ ጥንቃቄ ይሻል። ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በማያያዣው ላይ ማረፍ አለበት። ከዚህ ቢበዛ የፒክአፑ ኋላ ይወርዳል፤ የፊት ጎማዎቹም መሬት መቆንጠጥ ያቅታቸዋል። ከባዱ ዕቃ ወደ ተሳቢው ኋላ ቢከመር ደግሞ ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ያን ጊዜ መሪን ቀጥ አድርጎ ይዞ እግርን ከነዳጅ መስጫው ቀስ ብሎ ማንሣት እንጂ ፍሬን በድንገት መርገጥ አይገባም።

ቁልቁለት ሲጨመር አደጋው ይብሳል። ከጎሐ ፅዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚያወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በእንዲህ ያለ መንገድ ፍሬን ሳያቋርጥ የሚረግጥ ሾፌር የፍሬኑን ሸራ ያግላል፤ የጋለ ፍሬንም ይከዳል። ስለሆነም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት በከባድ ማርሽ መግባትና ሞተሩ ተሽከርካሪውን እንዲይዝ ማድረግ ግዴታ ነው።

«ይህ ጭነት ከአቅም በላይ ነው» የሚል ሾፌር ግዳጁን የሸሸ ሳይሆን ግዳጁን የተረዳ ወታደር ነው። ማዕረግም ሆነ ልመና ለፍሬን ኃይል አይጨምርለትም። እንግዲህ አዛዥ ሁለተኛ ጉዞ ይፍቀድ፤ ቤተሰብም አንድ ቀን ይታገሥ፤ በጭነት አናት ላይም ሰው፣ ይልቁንም ሕፃን፣ ከቶ አይቀመጥ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ ዕቃ ይለቀም ይሆናል፤ የሰው ሕይወት ግን አይለቀምም።