ጨዋችን ገና አንድ ሥራ ይቀረዋል

መከራ በመከራ ላይ ሲደራረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንላለን። ይህን ተረት ያወጡት ሰዎች ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። በደጋው አገር አንገቱ ያበጠ ሰው በገበያም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በየጎረቤቱም ይታይ ነበር። ዛሬ ከተማ ያደገ ወጣት ተረቱን ይጠቅሰዋል እንጂ እንቅርቱን አይቶት ላያውቅ ይችላል። በሽታው ከአገራችን ፈጽሞ ጠፍቷል ማለቴ አይደለም፤ ግን እየሸሸ ነው። እያሸሸው ያለውም ከሰፈር ሱቅ በጥቂት ብር የምንገዛው ጨው ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ጨው ነው። የሠራውን ላመስግንለት፣ የቀረውን አንድ ሥራ ደግሞ እንዲሰጡት ልሟገትለት።

የምግብ ሳይንስ ምግባችንን ጤናማ እያደረገው ነው ሲባል የብዙዎቻችን ዓይን የሚሄደው ወደ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ነው፤ በቫይታሚን ወደበለጸገው ብስኩት፣ ካልሲየም ወደተጨመረበት ጭማቂ፣ «ስኳር አልባ» ወደሚለው ለስላሳ። እኔ በእነዚህ ብዙም አልደነቅም። ብስኩቱ ላይ አምስት ዓይነት ቫይታሚን ቢጨመርበት ስኳሩና ስቡ ቦታቸውን አይለቁም። ቫይታሚኑ በትልቁ ይጻፋል፣ ስኳሩ በትንሹ። ደግሞም ያንን ብስኩት ገዝቶ የሚበላው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ንጥረ ነገር የጎደለው ሰው አይደለም። ስለዚህ የምግብ ሳይንስን የምለካው በአንድ ጥያቄ ነው፦ በገበያ ቀን ጨውና በርበሬ ብቻ ሸምታ የምትመለሰዋ እናት ቤት ገብቷል ወይ?

በዚህ መለኪያ አዮዲን ያለው ጨውን የሚያክል አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1922 ስዊዘርላንድ፣ በ1924 ደግሞ የአሜሪካዋ ሚሺጋን ጨዋቸው ላይ አዮዲን መጨመር የጀመሩት እንቅርት ቢያስቸግራቸው ነበር። ሁለቱም ከባሕር የራቁ፣ አፈራቸው በአዮዲን የደኸየ ነው። የእኛም ደጋ ከዚህ አይለይም፤ ለዘመናት የወረደው ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦታል። ጉዳቱ አንገት ላይ ብቻ ቢያበቃ ቀላል ነበር። አዮዲን ያጠራት ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ አእምሮው በሚገባ ሳይዳብር ሊቀር ይችላል። ይህ እንደ እንቅርት አይታይም፤ ትምህርት ቤት ሲገባ «ሰነፍ» ተብሎ ይታለፋል።

በእኛ አገር የጨው ጉዞ ውጣ ውረድ ነበረበት። አዮዲን ያለው ጨው ይመጣልን የነበረው ከአሰብና ከምጽዋ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋና ገበያው ወደ አፋሯ አፍዴራ ዞረ። ከዚያ የሚመጣው ጨው ግን ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው አዮዲን አልነበረውም። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዘውን ደንብ ቁጥር 204 አወጣ። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከ100 ቤተሰብ በ15ቱ ብቻ ነበር። በ2008ቱ ዳሰሳ 89 ደረሰ። በአምስት ዓመት ውስጥ ማለት ነው። ማንም እናት የወጥ አሠራሯን አልቀየረችም፣ ማንም ገበሬ ስብሰባ ተጠርቶ ስለ አዮዲን አልተመከረም። ጨው ሻጩ ያንኑ ጨው ሸጠ፣ ገዢዋ ያንኑ ጨው ገዛች፤ የተለወጠው ጨው ላይ የሚረጨው ነገር ነው።

እርግጥ በዳሰሳው የተመረመረው አዮዲን አለ ወይስ የለም የሚለው እንጂ በቂ ነው ወይ የሚለው አልነበረም። መርጫው በትክክል ካልተስተካከለ አንዱ ጆንያ ይበዛበታል፣ ሌላው ያንሰዋል። ኬሚስቶች ለእንደኛ ዓይነቱ አገር ፖታሲየም አዮዴት የሚባለውን የመረጡት ሙቀትና እርጥበት ከሌላው ዓይነት በተሻለ ስለሚችል ነው። እሱም ቢሆን ጨው ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ ክፍት ዕቃ ውስጥ ሲከርም ይመናመናል። ጉድለቱ እንዲህ ነው፤ ይህም ሆኖ መንገዱ ትክክል መሆኑን 15 እና 89 ይመሰክራሉ።

አሁን ወደቀረው ሥራ ልምጣ። ፎሊክ አሲድ ይባላል። ከቫይታሚን ቢ ወገን ነው፣ ስሙም በላቲን «ቅጠል» ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው። ሴት ስትፀንስ በጽንሱ ጀርባ ላይ እንደ ቦይ የተዘረጋ ነገር ይኖራል፤ ጠርዝና ጠርዙ ተጠቅልሎ ይገጥምና ቱቦ ይሆናል። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠሩት ከዚያ ነው። ገጥሞ የሚያልቀው ጽንሱ በተፈጠረ በ28 ቀን ገደማ ነው። ከላይ በኩል ሳይገጥም ከቀረ ልጁ አንጎሉና የራስ ቅሉ ሳይሞላ ይወለድና አይቆይም። ከታች ከሆነ ጀርባው ክፍት ሆኖ ይወለዳል። ከነዚህም የሚተርፈው ብዙ ጊዜ እግሩ አይታዘዝለትም፣ ሽንቱን መቆጣጠር ይሳነዋል፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል። እናቲቱም ያልሠራችው ኃጢአት እየተቆጠረላት ትኖራለች።

እ.ኤ.አ. በ1991 የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ7 አገሮች፣ በ33 ማዕከላት፣ በ1,817 ሴቶች ላይ ያካሄደው ጥናት ታተመ። ሁሉም ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ጽንስ የገጠማቸው ነበሩ። ከመፀነሳቸው አስቀድሞ ፎሊክ አሲድ መውሰድ የጀመሩት ላይ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ ወረደ። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ በበለጸገ የእህል ዱቄቷ ላይ በየ100 ግራሙ 140 ማይክሮግራም እንዲጨመር አስገደደች፤ የጤና ባለሥልጣኖቿ በየዓመቱ ወደ 1,300 የሚጠጉ ሕፃናት ከዚህ ጉዳት እንደሚድኑ ይገምታሉ። ቺሊ በ2000፣ ደቡብ አፍሪካ በ2003 ተከተሉ። በእኛ አገር በአዲስ አበባና በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ከ10,000 ወሊድ ከ100 በላይ እንዲህ ያለ ጉዳት አግኝተዋል። በአሜሪካ ቁጥሩ ከ10 በታች ነው።

«ነፍሰ ጡር ሁሉ በጤና ጣቢያ ክኒን ይሰጣት የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይሰጣታል። ግን መቼ? በ2008ቱ ዳሰሳ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ የእርግዝና ክትትል የጀመሩት ከ5 እናቶች አንዷ ብቻ ናቸው። ቀሪዎቹ ክኒኑ እጃቸው ሲገባ ቱቦው ወይ ገጥሟል፣ ወይ ሳይገጥም ቀርቷል። ብዙዎቹ በ28ኛው ቀን መፀነሳቸውንም አላወቁ። ክኒኑ ለደም ማነስ ይጠቅማል፤ ለዚህ ጉዳት ግን ከቀብር በኋላ እንደደረሰ ሐኪም ነው። መፍትሔው ሴቲቱ ሳታስበው፣ ሳትፀንስም፣ ከምትበላው ጋር ዕለት ዕለት እንዲገባላት ማድረግ ነው።

መንግሥት ይህን አልዘነጋውም። በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድን ጨምሮ በንጥረ ነገሮች እንዲበለጽግ፣ የምግብ ዘይት ደግሞ ቫይታሚን ኤ እና ዲ እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደረጃ ጸድቋል። እርምጃውን አወድሳለሁ። ዳቦ፣ ፓስታና ማካሮኒ ለሚበላው የከተማ ሰው ይደርሳል። ነገር ግን ፉርኖ ዱቄት የማይገባበት ቤት ስንት ነው? ገጠሩ የሚበላው ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ገብስና ቆጮ ነው። እህሉ ከራሱ ጎተራ ወጥቶ በሰፈር ወፍጮ ቤት ይፈጫል። በየወፍጮ ቤቱ ቫይታሚን መርጫ ማቆም፣ በየወፍጮ ቤቱም ተቆጣጣሪ ማቆም የሚቻል አይመስለኝም።

ንጥረ ነገሩ በምን ላይ ይጫን የሚለውን ጥያቄ አቅልለው ያዩ አገሮች ኋላ ተምረውበታል። አሜሪካ ስንዴውን ስታበለጽግ በቆሎ ቶርቲያ የሚበሉት የላቲን አሜሪካ ተወላጅ እናቶች ተረሱ፤ ጉዳቱም በእነሱ ላይ በዝቶ ቀጠለ። በበቆሎው ዱቄት ላይ መጨመር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ያውም በፈቃደኝነት። በዋሺንግተን ዙሪያ ጤፍ እየጋገረ የሚኖረው ወገናችንም እንጀራው እዚያ የስንዴ ሕግ ውስጥ እንደማይገባ ይወቅ።

እንግዲህ ጤፍ የሚበላውንም፣ ቆጮ የሚበላውንም፣ አርብቶ አደሩንም የሚያገናኝ አንድ ነገር ምንድን ነው? ጨው ነው። በአያቶቻችን ዘመን አሞሌው እንደ ገንዘብ ከዳር እስከ ዳር የዞረው ማንም ያለ እሱ ስለማይኖር ነው። ዛሬም የኢትዮጵያ ቤት ሁሉ ከሚገዛቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው፣ የሚመረተውም በአብዛኛው አንድ አካባቢ ነው። ተቆጣጣሪ የሚመኘው እንዲህ ያለውን ነው። ሂሳቡም ቀላል ነው፦ በአንድ ኪሎ ጨው 30 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ቢረጭ፣ በቀን 8 ግራም ጨው የምትበላ ሴት 240 ማይክሮግራም ታገኛለች። ከሚመከረው 400 ከግማሽ በላይ ማለት ነው።

ይቻላል ወይ? የንጥረ ነገር ኬሚስቶች ያላባቸው እዚህ ላይ ነው። ፎሊክ አሲድ ውኃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፣ ከአዮዲኑ ጋር አንድ ፈሳሽ ውስጥ አብሮ እንዲቆይ ማድረግም ቀላል አልነበረም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሌቨንቴ ዲዮሳዲ ቡድን ፈሳሹን በካርቦኔት አልካላይን አድርጎ ሁለቱን አስማማቸው። ስለዚህ አዮዲን የሚረጨው ማሽን ያንኑ ሥራውን እየሠራ ሁለቱን ሊረጭ ይችላል። ይኸው ቡድን ከዚህ ይልቅ የከበደውንም ፈትቷል፤ ብረትና አዮዲን ጨው ላይ ሲገናኙ ይጣላሉ፣ አዮዲኑ ይተናል፣ ጨው ቀለሙ ይበላሻል። መላው ብረቱን በደቃቁ አሽጎ በስብ ሽፋን መጠቅለል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ ጥናት ደግሞ በደቡብ ሕንድ መንደሮች አዮዲንና ፎሊክ አሲድ የያዘ ጨው ለአራት ወር የተመገቡ ሴቶች በደማቸው ያለው ፎሌት፣ ማለትም ይኸው ቫይታሚን፣ በግልጽ ጨምሯል። ጨው ፈዘዝ ያለ ቢጫነት ሊኖረው ይችላል፤ ጣዕሙ ያው ነው።

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ። ከባዱ የደም ግፊት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው እንዲበላ ይመክራል፣ እኔም እስማማለሁ። ጨው ጨምሩ የሚል አላመጣሁም፤ የምትበሉት ይለወጥ ነው የምለው። ሕዝቡ ጨው ሲቀንስ በኪሎ የሚረጨውን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ሁለተኛው፣ ፎሊክ አሲድ ከመጠን ሲያልፍ የቢ12 እጥረትን ሊሸፍን ይችላል የሚለው ነው፤ እውነት ነው፣ መጠኑ በባለሙያ የሚወሰነውም ለዚሁ ነው።

ሦስተኛው ለልቤ የቀረበ ነው፦ «እናቶቻችን ያለ ኬሚካል አሳድገውን የለም?» የሚለው። እናቶቻችንማ የምግብ ሳይንቲስቶች ነበሩ። ሊጡ ውስጥ የሚገባው እርሾ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ በጤፉ ያለውን ብረትና ዚንክ አስሮ የያዘውን ፋይቴት ይሰብራል፤ ሰውነታችን ማዕድኑን የሚያገኘው ያኔ ነው። ግን እርሾ ያለውን ያስለቅቃል እንጂ የሌለውን አያመጣም። ጎመንና ምስር ፎሌት አላቸው፤ እሳት ላይ ሲቆዩ ግን ብዙው ይጠፋል። ዓመቱን ሙሉ ጎመን የምታገኘዋ ሴትም ሁሉም ሴት አይደለችም። እናቶቻችን አሳድገውናል፤ ያላደጉትን ግን ማንም አልቆጠራቸውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ጤና ሚኒስቴርና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የጨው ደረጃውን ይክፈቱት፣ ከአዮዲን ጎን ፎሊክ አሲድን ይጻፉበት፣ መጠኑን ለባለሙያ ይተውት። የአፍዴራ አምራቾች የመርጫ ማሽንና የመመርመሪያ ዕቃ እንዲያገኙ ይታገዙ። ምርመራው ወረቀት ላይ ሳይሆን ጆንያው ላይ ይሁን። አዋቂዎች «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ያለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ። የእኛ ጨው እንቅርት በማሸሽ ድንጋይ አለመሆኑን አስመስክሯል፤ ሥራ ሳንሰጠው ብናስቀምጠው ጥፋቱ የእኛ ነው።

እስከዚያው ለመውለድ ያሰባችሁ እህቶች እርግዝናውን አትጠብቁ። ከወዲሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ በቀን 400 ማይክሮግራም የሚሰጠውን ፎሊክ አሲድ ጠይቁ። ቤታችሁ ያለውንም ጨው ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት፣ ዕቃውንም ክደኑት።