ደብዳቤውን አትዝለሉት!

«በቴሌግራም ዘመን ልብ ወለድ ውስጥ ደብዳቤ መክተት ኋላ ቀርነት ነው። እኔ ደብዳቤ ሲጀምር ገጹን ገልጬ አልፋለሁ።»

ይህን የጻፈው የማከብረው ወዳጄ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ራሱ ያውቃል። ያናደዱኝ ግን ከሥሩ «እውነት ነው!» እያሉ ያጨበጨቡት ናቸው። ከመካከላቸው እኔው ራሴ አማርኛ ያስተማርኳቸው ልጆች አሉበት። ስለዚህ ልመልስ። (የዲፕሎማ መምህርን ከሥነ ጽሑፍ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ካላችሁ ኮመንቱ ክፍት ነው።)

መዝለል የሚገባቸው ደብዳቤዎች መኖራቸውን አልክድም። ታውቋቸዋላችሁ። መጽሐፉ ሊያልቅ ሃያ ገጽ ሲቀረው እናትየዋ ይሞታሉ፤ ሳጥን ይከፈታል፤ ከነጠላው ሥር ቢጫ የሆነ ወረቀት ይወጣል። «ይድረስ ለውድ ልጄ፤ እንደምታውቀው ከአባትህ ጋር በ1966 ዓ.ም. ተጋብተን አንተንና እህትህን ወለድን…» ኧረ ያውቀዋል! የሚያውቀውን ለምን ይነግሩታል? ደራሲው ነው እኮ በልጁ ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ ለእኛ የሚያወራው። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ መናገር ያቃተውን ምስጢር በሦስት ገጽ ሊዘረግፈው። እንዲህ ያለውን ዝለሉት፤ እኔም እዘለዋለሁ። የቴሌቪዥን ድራማዎቻችንም ያው በሽታ አለባቸው፤ እነሱ ደግሞ ዋሽንት ይጨምሩበታል።

ታዲያ ጠጁ ጎመዘዘ ተብሎ ማር ይጥፋ ይባላል እንዴ?

ደህና ደራሲ ሲጽፈው ደብዳቤ ሁልጊዜ ለአንድ ሰው የተጻፈ ነው። ለዚያ ሰው የሚባልና የማይባል ነገር አለ። እኛ አንባቢዎች የተባለውንም የታፈነውንም አብረን እናነባለን። የቼኾቭን «ቫንካ» (እ.ኤ.አ. 1886) አስቡ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ሞስኮ ውስጥ ጫማ ሰሪ ጋ ሙያ እንዲማር ተሰጥቷል። በገና ዋዜማ ጌቶቹ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ለአያቱ ይጽፋል፦ ይመቱኛል፣ ይርበኛል፣ ና ውሰደኝ። ከዚያ ፖስታው ላይ «ለመንደሩ አያቴ» ብሎ ይጽፍና ትንሽ አስቦ የአያቱን ስም ይጨምርበታል። የመንደሩ ስም የለም። ሳጥን ውስጥ ከትቶ ተስፋ አድርጎ ይተኛል።

ቼኾቭ «ደብዳቤው አይደርስም» የሚል አንድ ቃል አልጻፈም። ክፍል ውስጥ ያነበብን ቀን አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ታዲያ ደረሰለት?» አለችኝ። ከጎኗ ያለችው አድራሻው ላይ ጣቷን አስቀመጠችላት። ሁለቱም ዝም አሉ። መረጃውም ስሜቱም ያለው እዚያች አድራሻ ላይ ነው። ይህን ነው ዘላችሁ የምታልፉት?

አድራሻ ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ትምህርት ቤት ያየሁትን እርማት ልንገራችሁ። ልጁ «ለሚወዱት ሰው ደብዳቤ ጻፉ» ሲባል ለሞተ አባቱ ጻፈ። አራሚው በቀይ «የተቀባይ አድራሻ የለም» ብሎ ሁለት ማርክ ቀነሰበት። አድራሻው የት ይሁን? ደብዳቤን አድራሻ ከላይ በስተቀኝ፣ ቀን፣ ሰላምታ፣ ሐተታ፣ ፊርማ እያልን ብቻ ካስተማርነው፣ ልጆቻችን ልብ ወለድ ውስጥ ሲያገኙት እንደ ማመልከቻ ቢሰለቹት ምን ይገርማል?

ወዳጄ «አሁን ሰው ሩቅ ለሩቅ ስላልሆነ» ይላል። የርቀት ጉዳይ ማን አደረገው? በዶስቶየቭስኪ የመጀመሪያ ልብ ወለድ (እ.ኤ.አ. 1846) ማካር ዴቩሽኪንና ቫርቫራ መስኮታቸው ፊት ለፊት ነው። ግን ይጻጻፋሉ። እሱ ወጥ ቤት ጥግ ተከልሎለት እየኖረ «ምቹ ነው» ይላታል። ፊቷ ቆሞ ቢዋሽ ዓይኑ ያጋልጠው ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን የሚያጋልጠው «ምቹ ነው» ማለት ማብዛቱ ነው።

የእኛዎቹስ? ብርሃኑ ዘሪሁን መጽሐፉን «ሁለት የእንባ ደብዳቤዎች» ያለው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ደብዳቤ ያኔ ሽፋን ላይ የሚወጣ ነገር ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፊታውራሪ መሸሻ በዛብህን ቤታቸው ያስገቡት ልጃቸውን እንዲያስተምርላቸው ነው። ያ ሁሉ ዘር የሚቆጥር ኩራት ባለበት ቤት፣ ፍቅር በራሳቸው ፈቃድ በፊደል በኩል ገባ። ሰብለ ለበዛብህ አንዲት መስመር ብትጽፍ ፊደሉን ያስጨበጣት እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ ምን ተባለ ከማለታችን በፊት ይኼ ራሱ ስንት ነገር ይናገራል!

መልስ ማጣትም አለ። አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1862 ነው። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ መልሱ ቀረ። ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፤ ነገሩ እየከረረ በ1868 መቅደላ ላይ አለቀ። ሌላም ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ግን ያን ዝምታ ትታችሁ ቴዎድሮስን ጻፉ እስኪ። ቴሌግራም ይህን አስቀረው እንዴ? ሁለት ራይት ታይቶ መልስ ሲጠፋ ሌሊቱን ያልተኛ ከእናንተ መካከል ማነው? እዚህ ደብረ ሲና ደግሞ የጣርማ በር ጭጋግ ሲወርድ ኔትወርኩም አብሮ የሚጠፋበት ቀን አለ፤ መልእክቷ ሳትሄድ ሰዓቷን ይዛ ትቆማለች።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ግን የራሳችን ደብዳቤ ነው። «ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ።» ብዙ ሰው ይህን እንደ ማሟሻ ያየዋል። «በስተቀር» የምትለዋን እዩአት እንጂ! ባገራችን ወግ ደህና አይደለሁም ብሎ መጻፍ ነውር ስለሆነ፣ ያ ሁሉ ደህና አለመሆን እዚያች ቃል ውስጥ ተጠቅጥቋል። ደብዳቤው ገጠር ሲደርስ ደግሞ የሚያነበው ተማሪ የልጅ ልጅ ነው። ልጁ «ታምሜ ነበር» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ዘሎ ያነባል። አያት ፊደል አይለዩም፤ ድምፁ የት ላይ እንደተደናቀፈ ግን ሰምተዋል። «እስቲ እዚያች ጋ ድገምልኝ» ይሉታል። ይህን በልብ ወለድ የሚጽፍልን ደራሲ ነው የጠፋው፤ ደብዳቤማ ምን አደረገ?

«ቫንካ»ን ማንበብ ለምትፈልጉ ተማሪዎቼ፦ አጭር ናት፤ ለክፍል ብዬ ወደ አማርኛ የመለስኳት አለችኝ። በውስጥ መስመር ጠይቁኝና እልካለሁ። በድምፅ አትላኩልኝ፣ ጻፉልኝ።