ሐኪሙ ሰዓት ሲይዝባቸው

አባትዎን ወይም እናትዎን «መርሳት አበዙ» ብለው ከሞጣ ገጠር ወደ ከተማ ሐኪም ቤት ይዘው ቢመጡ፣ ወረቀትና እርሳስ ተሰጥቷቸው ሰዓት ሊያዝባቸው ይችላል። በወረቀቱ ላይ ከ1 እስከ 25 ያሉ ቁጥሮች ተበታትነዋል፤ ሥራው በቅደም ተከተል በመስመር ማገናኘት ነው። በሁለተኛው ወረቀት አንድ ቁጥር፣ አንድ ፊደል እያፈራረቁ ይሄዳሉ። ይህ ምርመራ መነሻው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የተዘጋጀ ፈተና ነው። ለጎጃም ገበሬ ታስቦ አልተሠራም።

ብዙ ሰው ሰዓቱ የማስታወስ ችሎታን የሚለካ ይመስለዋል። የሚፈለገው ግን ሌላም ብዙ ነገር ነው፤ ዓይን ቁጥሩን ፈልጎ ማግኘቱ፣ እጅ መታዘዙ፣ የፊደሉ ተራ ሳያስቡት መምጣቱ፣ ሐሳብ ሳይበተን ከአንዱ ወደ ሌላው መዞሩ። አንዱ ሲጎድል ጊዜው ይረዝማል፤ የትኛው እንደጎደለ ግን ሰዓቱ አይናገርም። የዓይን ሞራ ያለባቸው እናት ይዘገያሉ። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ አባትም ይዘገያሉ። በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ አባት ፊደሉን አሳምረው ያውቃሉ፤ ቅኔ ሲቆጥሩ ግን ማን ሰዓት ያዘባቸው?

ፊደል የማይጠይቅ ምርመራም አለ። ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጀው አጭር ምርመራ ለ5 ሰከንድ ጣትን በፍጥነት ማነካካትን፣ ለ10 ሰከንድ የእጅ እንቅስቃሴን በተራ መደጋገምንና 4 ቃላት ማስታወስን ይጠይቃል፤ ከ12 ነጥብ ይታረማል። እዚህም ቢሆን ቁርጥማት የያዘው ጣት ነጥብ ያስጥላል።

ሰዓቱ ይቅር አልልም። መዘግየት የመርሳት በሽታ ብቻ ሳይሆን የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት ወይም የሚወሰድ መድኃኒት ያመጣው ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ደግሞ መፍትሔ አላቸው። የምቃወመው የሰከንዱን ቁጥር ብቻ አይቶ «አእምሯቸው ደክሟል» ማለትን ነው።

ስለዚህ መነጽራቸውን አይርሱ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይያዙ። ምን ያህል እንደተማሩ ሳይጠየቁ ይናገሩ። አብሯቸው የሚኖር ሰው ይምጣ፤ ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ጠፍቷቸው እንደሆነ፣ የገንዘብ መልስ መቁጠር አቅቷቸው እንደሆነ፣ ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው ጨምረውበት እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ሐኪሙንም «የዘገየባቸው ምኑ ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ውጤቱ ከካርዳቸው ጋር ይቀመጥ፤ ምርመራው ሲደገም ከሌላ ሰው ሳይሆን ከራሳቸው ጋር ይነጻጸራል፣ በሁለተኛው ጊዜ ልምዱ ራሱ ትንሽ እንደሚያፈጥናቸው ሳይዘነጋ።